የአሳማ ግልገሎች ሞትና የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች

ዴንማርክ 6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። በዓመት ግን ወደ 30 ሚሊዮን የሚጠጋ አሳማ ታመርታለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚያች አገር ዜናና የፖለቲካ ክርክር ውስጥ አንድ ቁጥር ይደጋገማል። በቀን 25 ሺህ ያህል የአሳማ ግልገሎች ይሞታሉ የሚል ነው። ሞተው የሚወለዱ አሉበት፤ በተወለዱ በሁለትና በሦስት ቀን የሚሞቱም አሉበት። ሁሉም ሲደመር ከአምስት ግልገሎች ከአንድ በላይ የሚሆነው ጡት ሳይጥል ይሞታል ማለት ነው።

ነገሩ በተነሳ ቁጥር ሁለት መልሶች ቶሎ ይሰማሉ። አንዱ «እናቲቱ እየተኛችባቸው ነው» ይላል። ሌላው «ማህፀኑ ጠቧቸው ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። እናቲቱ ልትተኛ ስትል አንዱ ግልገል ሮጦ ሲያመልጥ ሌላው ለምን መነሳት ያቅተዋል? በአንድ ማህፀን ውስጥ ጎን ለጎን አድገው አንዱ 1 ኪሎ ከ700 ግራም፣ ሌላው 700 ግራም ሆኖ የሚወለደው ለምንድን ነው?

የዚህን መልስ ፍለጋ የሄደ ሰው ከወሊዱ ቀን ወደኋላ መመለስ አለበት። መንገዱ የሚያደርሰው እንግዴ ልጁ ውስጥ ወዳሉት የደም ሥሮች ነው።

አሳማ ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ከማዕድ የራቀ እንስሳ ነው። የእርግዝናው ነገር ግን ሩቅ አይደለም። የግመል፣ የፈረስና የአህያ እንግዴ ልጅም ከአሳማው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ አሳማ ብዙ ትወልዳለች፣ ቶሎ ትወልዳለች፣ ብዙም ተጠንታለች።

ኪሳራው የሚጀምረው መቼ ነው?

አንዲት ዘመናዊ እናት አሳማ በአንድ ጊዜ 20 እና ከዚያ በላይ እንቁላሎች ትለቃለች። ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ይፀንሳሉ። እርግዝናው 114 ቀን ገደማ ይቆያል። አርቢዎች ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን ብለው ይይዙታል።

የመጀመሪያው ትልቅ ኪሳራ የሚመጣው እስከ 30ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከሽሎቹ ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት በዚህ ወቅት ይጠፋሉ። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የሚታየው ለውጥ በጣም ያስደንቃል። እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ሽሉ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ ትንሽ ክብ ነገር ነው። በ11ኛውና በ12ኛው ቀን ግን በሰዓታት ውስጥ እየተሳበ ክር ይሆናል። 16ኛው ቀን ላይ ርዝመቱ 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህን መርዘም የሚያስነሳው ሽሉ ራሱ የሚያመነጨው ኢንተርሉኪን 1 ቤታ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሪስፐር በተባለው የዘረመል ማስተካከያ ዘዴ ይህን ጂን አጠፉት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ፤ ሽሎቹ መርዘም አልቻሉም።

መርዘሙ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ እያንዳንዱ ሽል ከማህፀኑ ግድግዳ የራሱን ድርሻ የሚይዘው በዚያ ነው። ፈጥኖ የረዘመው ሰፊ ይዞታ ያገኛል። የዘገየው የተረፈውን ይወስዳል። በኋላ የደም ሥር የሚበቅልበት መሬት ይኸው ነው። ስለዚህ ወደፊት ማን ወፍሮ ማን ከስቶ እንደሚወለድ በከፊል የሚወሰነው እናቲቱ ገና እርጉዝ ለመሆኗ ምንም ምልክት ሳታሳይ ነው።

ሁለተኛው ኪሳራ ከ30ኛው ቀን በኋላ ይመጣል። አሁን ፅንሶቹ ማደግ ጀምረዋል፤ እንግዴ ልጆቻቸው ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ይገፋፋሉ። ማህፀኗ እስከ መጨረሻው ልትሸከመው የምትችለው የፅንስ ቁጥር በባለሙያዎች ቋንቋ የማህፀን አቅም ይባላል። አቅም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስፋት ነው። የአሳማ ማህፀን ግን ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ያሉት፣ እርግዝናው ሲገፋም አብሮ የሚለጠጥ አካል ነው። ቶሎ የሚያልቀው ስፋቱ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዷ ስንዝር ግድግዳ ላይ ከእናት ወደ ፅንስ የሚያልፈው ኦክስጅንና ምግብም ያልቃል።

በሁለት ደም መካከል ስድስት ሽፋን

በሰው እርግዝና የእንግዴ ልጁ ሴሎች የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስረው ይገባሉ። የእናቲቱን የደም ሥሮች ከፍተው በደሟ ይነከራሉ። በአሳማ እንዲህ የለም። እንግዴ ልጁ የማህፀኑን ገጽ ሳይሰረስር ከላዩ ይጣበቃል። ይህ አሠራር ኤፒቴሊዮኮሪያል ይባላል። የእናትም የፅንስም ሽፋን ሳይፈርስ ፊት ለፊት ገጥመው የሚኖሩበት የእንግዴ ልጅ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ከእናቲቱ ደም የወጣች አንዲት የኦክስጅን ቅንጣት ፅንሱ ደም ዘንድ ለመድረስ ስድስት ሽፋኖች ታልፋለች። መጀመሪያ የእናቲቱ የደም ሥር ግድግዳ አለ። ከዚያ በሥሩ ያለው አያያዥ ሥጋ፣ ከዚያ የማህፀኑ የላይኛው ሽፋን። ወዲያ ማዶ ደግሞ የእንግዴ ልጁ የውጭ ሽፋን፣ የራሱ አያያዥ ሥጋ፣ በመጨረሻ የፅንሱ የደም ሥር ግድግዳ።

የአሳማ ሽል ሰርስሮ መግባት ስለማይችል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ሙከራ የሽሉ የውጭ ሴሎች ከማህፀኑ ሽፋን ሥር ሲተከሉ ወደ ሥጋው ዘልቀው ገብተዋል። ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ የሚይዛቸው የእናቲቱ ሽፋን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሳማ ላይ የተገኘን ውጤት ይዞ በቀጥታ ወደ ሰው መዝለል በጤና ወሬዎች ላይ የተለመደ ስህተት ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ የሚያያዘው የእንግዴ ልጁ ሴሎች በእናቲቱ የደም ሥሮች ውስጥ በአግባቡ ዘልቀው ካለመግባታቸው ጋር ነው። አሳማ ላይ ይህ ዘልቆ መግባት ከመነሻውም የለም። የደም ሥር የሚበቅልበት ኬሚስትሪ ይመሳሰላል፤ የእንግዴ ልጁ አሠራር ግን ይለያል።

እጥፋቱና ቀጫጭን የደም ሥሮቹ

ስድስት ሽፋን ትልቅ እንቅፋት ነው። አሳማ ግን በሁለት መንገድ ትወጣዋለች።

አንደኛው መታጠፍ ነው። በእርግዝናው ሁለተኛ ወር ውስጥ የእናትና የፅንስ ሽፋኖች እንደተጣበቁ አብረው ይታጠፋሉ። ሰፊ ጋቢ ታጥፎ ትንሽ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ሰፊ የመገናኛ ገጽ በጠባብ ቦታ ላይ ይቀመጣል። እርግዝናው በገፋ ቁጥር እጥፋቶቹ ይረዝማሉ፤ በእጥፋት ላይ እጥፋት ይጨመራል።

ሁለተኛው መቀራረብ ነው። ከእጥፋቱ አንድ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በአንድ በኩል የእናቲቱ፣ በሌላው በኩል የፅንሱ ቀጫጭን የደም ሥሮች መረብ ሠርተው ይታያሉ። በእርግዝናው መጀመሪያ ሁለቱም ከሽፋናቸው ራቅ ብለው ከሥር ተኝተዋል። ወደ መጨረሻው ግን ሽፋኑን ከሥር እየገፉ፣ ሴሎቹን እያሳሱ ወደ ፊት ይመጣሉ። በአንዳንድ ቦታ በእናትና በፅንስ ደም መካከል የሚቀረው ርቀት ወደ 2 ማይክሮ ሜትር ይወርዳል። አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስድስቱም ሽፋን አሁንም አለ። አንዳቸውም አልፈረሱም። ግን ከመሳሳታቸው የተነሳ የሌሉ ያህል ሆነዋል።

በነገራችን ላይ ሁሉም ነገር በዚህ መንገድ አያልፍም። ብረትን እንውሰድ። የማህፀኑ ዕጢዎች ዩትሮፌሪን የተባለ ብረት የተሸከመ ሐምራዊ ፕሮቲን ያመነጫሉ። እንግዴ ልጁ በየዕጢው አፍ ላይ አሪዮላ የሚባሉ ትንንሽ ክብ መቀበያዎች ይሠራል። ፅንሱ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ብረት የሚያገኘው በእነዚህ በኩል ነው። ኦክስጅን ግን ሌላ በር የለውም። የደም ሥር ከደም ሥር ጋር መቀራረብ አለበት።

የደም ሥር የሚበቅለው በምን ትእዛዝ ነው?

የደም ሥር በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ቫስኩሎጄኔሲስ ይባላል። ምንም የደም ሥር ባልነበረበት ቦታ ሴሎች ተሰባስበው አዲስ ቱቦ ሲሠሩ ማለት ነው። የሽሉ የመጀመሪያዎቹ የደም ሥሮች እንዲህ ይፈጠራሉ። ሁለተኛው አንጂዮጄኔሲስ ነው፤ ካለው የደም ሥር ቅርንጫፍ ሲወጣ።

አሳማ ላይ የደም ሥሮቹን ወደ እንግዴ ልጁ ይዞ የሚመጣው አላንቶይስ የተባለ ከረጢት ነው። ከሽሉ የኋላ አንጀት ይወጣል፤ በፈሳሽ እየተነፋ ሄዶ ከውጨኛው ሽፋን ጋር ይጣበቃል። 30ኛው ቀን አካባቢ እንግዴ ልጁ የራሱ የደም ሥር ያለው አካል ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሥራው በአብዛኛው የአንጂዮጄኔሲስ ነው።

የዚህ ዋና አዛዥ ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ ለይተው አወጡት። ሥራው የደም ሥር ግድግዳ ሴሎችን ማባዛትና መምራት ነው። አስፈላጊነቱ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች አንዱ ብቻ የጠፋባቸው የአይጥ ሽሎች ማህፀን ውስጥ እያሉ ሞቱ። ግማሹ መጠን አላዋጣቸውም። የአሳማ እንግዴ ልጅም ይህን ፕሮቲን ይሠራል። የማህፀኑ ሽፋንም ይሠራል። ስለዚህ የደም ሥር ጥሪው ከሁለቱም ወገን ነው የሚመጣው፤ እናት የራሷን መረብ፣ ፅንሱም የራሱን መረብ ይዘረጋል። ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ቪኢጂኤፍ ማምረት ይጨምራሉ። ያነሰው ይጣራል፣ የደም ሥሩም ወደ ተጣራበት ያድጋል።

ሌላው ባለሚና ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። የደም ሥሮችን የሚያሰፋ፣ ቅርንጫፍ እንዲያወጡም የሚያግዝ ጋዝ ነው። ሰውነት የሚሠራው አርጂኒን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ጉያዎ ዉና ባልደረቦቹ በአሳማ አላንቶይስ ፈሳሽ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። 40ኛው ቀን ላይ አርጂኒን ከልክ በላይ ተከማችቶበታል። ያ ቀን እንግዴ ልጁ በፍጥነት የሚያድግበት ወቅት ነው። ፅንሱ የደም ሥር መሥሪያ ጥሬ ዕቃውን አጠገቡ ያስቀመጠ ይመስላል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል የጊዜ ጉዳይ አለ። የእንግዴ ልጁ ክብደት በአብዛኛው የሚያድገው እስከ 70ኛው ቀን ነው። ከዚያ ይቀዛቀዛል። በዚያን ቀን ፅንሱ ገና ሩብ ኪሎ አይሞላም። ሲወለድ ግን 1 ኪሎ ተኩል ሊጠጋ ይችላል። በቀሩት 44 ቀናት ውስጥ ፅንሱ አምስት ስድስት እጥፍ ሲያድግ፣ የሚመግበው አካል በክብደት ብዙም አይጨምርም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የእጥፋቱ መጥለቅ፣ የደም ፍሰቱ መጨመርና የደም ሥሮቹ መብዛት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ፅንሱ ይራባል። በእኔ ግምት የግልገሎቹን ሞት ለመረዳት ከዚህ የ44 ቀን ክፍተት የሚሻል መነሻ የለም።

ሜይሻን ያስተማረችው

ቻይና ውስጥ በታይሁ ሐይቅ አካባቢ የምትረባ ሜይሻን የምትባል የአሳማ ዝርያ አለች። ጥቁር ናት፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ፣ ፊቷ የተጨማደደ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1979፣ አሜሪካ በ1989 አስመጧት። ምክንያቱ አንድ ነው። የለቀቀችው እንቁላል ከአውሮፓና ከአሜሪካ አሳማዎች ጋር ሲተካከል እንኳ ሦስትና አራት ግልገል አብልጣ ትወልዳለች። ማህፀኗም ከእነሱ የሰፋ አይደለም።

በአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስቴፈን ፎርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ምሥጢሩን ፈለጉ። የሜይሻን ሽሎች በመጀመሪያው ሩጫ ላይ ዘገምተኞች ሆነው ተገኙ። ሲረዝሙ ከሌሎቹ አጠር ብለው ይቀራሉ፤ አነስተኛ ይዞታም ይይዛሉ። በዚህ የተነሳ ለብዙዎች ቦታ ይተርፋል። ይህ ብቻ ቢሆን ግን ሁሉም ተርበው በከሱ ነበር። ያዳናቸው የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሥራ ነው።

ተመራማሪዎቹ የሜይሻንንና ዮርክሻየር የተባለውን ዝርያ ሽሎች እያቀያየሩ በሁለቱም ዝርያ እናቶች ማህፀን ውስጥ አስቀመጡ። ከ90ኛው እስከ 110ኛው ቀን ባለው ጊዜ የዮርክሻየር ፅንስ ለረሃቡ የሰጠው መልስ እንግዴ ልጁን ማስፋት ነበር። የሜይሻን ፅንስ ግን እንግዴ ልጁን አላሰፋም። በዚያው ትንሽ ገጽ ላይ የደም ሥሮቹን እጥፍ ያህል አበዛ። ይህን ያደረገው በየትኛዋም እናት ማህፀን ውስጥ ሆኖ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዮርክሻየሩ ይዞታውን ሲያሰፋ የጎረቤቱን ይነካል። ሜይሻኑ ያለውን መሬት አጥልቆ ያርሳል፤ ጎረቤቱም አብሮት ይኖራል። የአሥራ ምናምን ፅንሶች ዕጣ በአንድ ማህፀን ውስጥ ሲወሰን ይህ የባሕርይ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ታዲያ ዓለም ለምን ወደ ሜይሻን አልዞረም? በጣም ትሰባለች፤ ሥጋ የምታወጣውም ቀስ ብላ ነው። ገበያው አልፈለጋትም።

በአንድ መለኪያ ላይ የተነሳ ክርክር

ከዚህ ሥራ የእንግዴ ልጅ ብቃት የሚል መለኪያ ወጣ። የግልገሉ ክብደት ለእንግዴ ልጁ ክብደት ይካፈላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ትንሽ እንግዴ ልጅ ብዙ መግቧል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የፎርድ ቡድን ጥናት በዚህ መለኪያ ወላጆችን መረጠ። ከፍተኛ ብቃት ያላቸው ወላጆች ዝቅተኛ ብቃት ካላቸው በሦስት ገደማ የሚበልጡ ግልገሎች ወለዱ። ተስፋው ትልቅ ነበር።

በኋላ የተደረጉ የምርጫ ሙከራዎች ግን ያን ያህል ውጤት አላገኙም። ችግሩ መለኪያው ራሱ ውስጥ ነው። 1400 ግራም የሚመዝን ግልገል 200 ግራም እንግዴ ልጅ ነበረው እንበል። ብቃቱ 7 ነው። ሌላው 1000 ግራም፣ እንግዴ ልጁ 125 ግራም ቢሆን ብቃቱ 8 ይመጣል። በወረቀት ላይ ሁለተኛው ይበልጣል። በጋጣው ውስጥ ግን የመኖር ዕድሉ የመጀመሪያው ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚመርጥ አርቢ ሳያውቀው ትንንሽ ግልገሎችን ሊመርጥ ይችላል።

በነብራስካ ክሌይ ሴንተር በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ማዕከል የጄፍሪ ቫሌት ቡድን ደግሞ ወደ እጥፋቱ ተመለከተ። የትንንሾቹ ፅንሶች እጥፋት በእርግዝናው መጨረሻ ከትልልቆቹ የበለጠ ጥልቅ ሆኖ አገኙት። አካሉ ጉድለቱን ለማካካስ እየታገለ ነው ማለት ነው። ይህ ትግል ግን ወሰን አለው። እጥፋቱ የሚጠልቀው ከበላዩ ያለውን አያያዥ ሥጋ እየበላ ነው። ሥጋው ሲያልቅ ማካካሱም ያበቃል።

ስለዚህ አንዱ ወገን «የደም ሥሩ ብዛት ነው» ሌላው «የእጥፋቱ ጥልቀት ነው» ሲሉ የሚቃረኑ አይመስለኝም። ሁለቱም አንዱን ነገር ከተለያየ ጎን እየለኩ ነው። የሚያሳስተው ሁለቱንም ወደ አንዲት የማካፈል ውጤት ማውረዱ ነው።

በመኖ ማስተካከል ይቻላል?

ናይትሪክ ኦክሳይድ ከአርጂኒን የሚሠራ ከሆነ አርጂኒን መመገብ አይጠቅምም? እ.ኤ.አ. በ2007 ቴክሳስ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ውጤት ታተመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዙ አሳማዎች ከ30ኛው ቀን ጀምሮ እስከ ወሊድ መኗቸው ላይ ከመቶ 1 አርጂኒን ተጨመረላቸው። ካልተጨመረላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በሕይወት የተወለዱት ግልገሎች በሁለት ያህል በለጡ። ጠቅላላ ክብደታቸውም ከመቶ 24 ጨመረ።

ዜናው በአርቢዎች ዘንድ በፍጥነት ተሰራጨ። በኋላ የመጡት ሙከራዎች ግን የተደባለቀ ውጤት አሳይተዋል። አንዳንዱ ጥቅም አገኘ፣ አንዳንዱ ልዩነት አላየም። ጊዜው ወሳኝ መሆኑም ታወቀ። ከእርግዝናው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ 25ኛው ቀን ሲሰጥ የፅንሶቹ ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። ከ14ኛው ቀን ሲጀመር ግን ጨምሯል። ያው ንጥረ ነገር፣ የሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ተቃራኒ ውጤት።

መኖ ሊያግዝ ይችላል። ግን በዘር ምርጫ 20 ግልገል እንድትሸከም የተደረገች እናት ላይ የመጣውን ጉድለት ሁሉ አንድ አሚኖ አሲድ ይሞላዋል ብሎ መጠበቅ አያስኬድም።

ከወሊድ በኋላ የሚታየው

ማህፀን ውስጥ በደም እጥረት ያደገ ግልገል በመልኩ ይታወቃል። ግንባሩ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የዶልፊን ራስ የሚል ስም አውጥተውለታል። ዓይኖቹ ወጣ ያሉ ናቸው። አፉ ዙሪያ መስመር መስመር ሆኖ የተጨማደደ ቆዳ አለ። ራሱ ትልቅ፣ አካሉ ትንሽ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደም ሲያንስ ፅንሱ ያለውን ለአንጎሉ ያስቀድማል። ጡንቻ፣ ጉበትና አንጀት የተረፈውን ይካፈላሉ።

ይህ ግልገል ሲወለድ ሦስት ነገር ይጎድለዋል። ጉልበት የለውም። የአሳማ ግልገል ሙቀት የሚያመነጭ ቡናማ ስብ የሚባለው የለውም፤ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል። በስድስቱ ሽፋን ምክንያት ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ሳይወስድ ነው የተወለደው። ይህን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ በኋላ አንጀቱ እነዚያን ትልልቅ የመከላከያ ፕሮቲኖች ማሳለፍ ያቆማል። ጥጃ፣ በግና ፍየል ያረባ ሰው ይህን ያውቀዋል።

አንድ ግልገል በደንብ ለመኖር 250 ግራም ያህል እንገር ያስፈልገዋል። አንዲት እናት አሳማ በአማካይ የምትሰጠው 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ግልገሎቹ ስለበዙ እንገሩ አይጨምርም። ለ14 ግልገል ይበቃል። 20 ሲሆኑ ግን ለእያንዳንዱ 175 ግራም ይደርሰዋል፤ እሱም እኩል ከተካፈሉ ነው። እኩል አይካፈሉም። የደከመው ጡት ሳያገኝ ይቀራል፣ ይበርደዋል፣ ሙቀት ፍለጋ ከእናቱ ሥር ይገባል። እናቲቱ ስትጋደም የሚሞተው እሱ ነው። የመዝገቡ ዓምድ «ተጨፍልቆ» ይላል። መንስኤው ግን ወራት ቀድሞ የጀመረ ነው።

ሁሉም ሞት ከእንግዴ ልጅ ይመጣል ማለት አይደለም። ሞተው ከሚወለዱት ብዙዎቹ ወሊዱ ላይ የታፈኑ ናቸው። ብዙ ግልገል ያላት እናት ምጧ ይረዝማል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጡት እትብታቸው ተጨቁኖ ወይም ተበጥሶ ኦክስጅን ያጣሉ። ኢንፌክሽንም ድርሻ አለው፣ የጋጣው አሠራርም እንዲሁ።

ዴንማርክ ምን አማራጭ አላት?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዴንማርክ እናት አሳማ በአማካይ 11 ወይም 12 ግልገል በሕይወት ትወልድ ነበር። ዛሬ ሞተው ከሚወለዱት ጋር በአንድ ወሊድ ወደ 20 ተጠግቷል። ጡቷ ግን 14 ወይም 15 አካባቢ ነው። የተረፉትን ግልገሎች ለአሳዳጊ እናት መስጠት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል።

አርቢዎቹ ችግሩን አይክዱም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የዘር ምርጫው የሚቆጥረው የተወለዱትን ሁሉ መሆኑ ቀርቶ በአምስተኛው ቀን በሕይወት ያሉትን ሆነ። ሐሳባቸው የሚገባ ነው። የሚሞት ግልገል ለማንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ የሚኖረውን እንምረጥ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾች መልስ አላቸው። 20 ተወልደው 16 ቢኖሩ፣ 14 ተወልደው 13 ከሚኖሩበት በዚህ ቆጠራ ይበልጣል። አራቱ ሞት በሒሳቡ ውስጥ አይታይም። በዚህ ነጥብ ላይ ተሟጋቾቹ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ማህፀኗ ላይ የሚጨመረው እያንዳንዱ ፅንስ የደም ሥር መሬት ይሻማል፤ ምርጫው ደግሞ ለዚያ መሬት ምንም ነጥብ አይሰጥም።

ነጥብ መስጠት ይቻል ነበር ወይ? የደም ሥር ብዛት ወይም የእጥፋት ጥልቀት በየእርባታው ሊለካ አይችልም። እንግዴ ልጁን መመዘን እንኳ አድካሚ ነው። የትኛው የየትኛው ግልገል እንደሆነ ለማወቅ ወሊዱ ላይ ቆሞ እያንዳንዱ እትብት ላይ ቁጥር ማሰር ያስፈልጋል። የሚቀርበው መለኪያ የልደት ክብደትና በአንድ ወሊድ ውስጥ ያለው የክብደት ልዩነት ነው። እንግዴ ልጆቹ ሁሉንም በአግባቡ ከመገቡ ግልገሎቹ ተቀራራቢ ክብደት ይዘው ይወለዳሉ። ሚዛን ያለው እርባታ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል። ክብደትና ተመሳሳይነት ላይ የሚያተኩር ምርጫ ግን የግልገሎቹን ቁጥር መቀነሱ አይቀርም።

የሚያስቸግረው እዚህ ነው። ዴንማርክ የአሳማ ሥጋዋን አብዛኛውን ወደ ውጭ ትልካለች። ከዚያ በላይ በዓመት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ግልገሎችን ከነሕይወታቸው ለፖላንድና ለጀርመን አድላቢዎች ትሸጣለች። ያ ንግድ የሚከፍለው በራስ ቁጥር ነው። የፖላንዱ ወይም የጀርመኑ ገዢ ለአንድ ወጥና ወፍራም ግልገል የሚከፍለው ጭማሪ የጠፉትን ሁለትና ሦስት ግልገሎች ካላካካሰ፣ ቁጥሩን በፈቃዱ የሚቀንስ አርቢ በገበያው ይጎዳል። ለዚህ ነው አሁን በአገሪቱ የሚነሳው ክርክር ከአርቢዎቹ ውሳኔ አልፎ በሕግ ወሰን ይበጅለት ወይስ አይበጅለት ወደሚለው የሄደው።